ስነሣ የሚቆለፈው ስክሪን

ኮምፒውተሩን ቆልፎ የሚነሣ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል። የለውም። እኔ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከወንበሬ በተነሣሁ ቁጥር ስክሪኔ ይቆለፋል፤ የምደብቀው ነገር ግን እስካሁን አልተገኘም። ባለቤቴም ፈልጋ አጥታዋለች።

አባባሉ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለዓመታት ስለው የኖርኩት እኔው ነኝ። ወረታ ውስጥ፣ ከጎንደሩ መንገድ የደብረ ታቦሩ በሚገነጠልበት አካባቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ፎቶ ኮፒም አነሣለሁ። የቀረውን ጊዜ በማንበብና ማንም ያላዘዘኝን ጽሑፍ በመጻፍ አሳልፋለሁ። ወረቀት ልታሳትም የምትመጣ አንዲት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች፤ ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ውኃ ልትጠጣ ስትነሣ እንኳ ኮምፒውተሯን ቆልፋ ነው አሉ። ባልደረቦቿ «እኛን ሌባ አደረገችን» እያሉ ያሟት ነበር። እኔም አልቀረሁም፤ «ይቺ ልጅ ስትሥቅ ራሱ ጥርሷን ቆልፋ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ደንበኞቼን አሥቄባታለሁ።

እኛ ዘንድ ሰው ፊት መሳቢያ መቆለፍ ነውር ነው። እንግዳ ሲገባ ሳጥኑን የሚዘጋ ሰው እንግዳውን ሰድቦታል። እኔ ሱቄን ትቼ ለአፍታ ስወጣ በሩ ላይ ዱላ አጋድማለሁ፤ «እዚሁ ነኝ፣ እመለሳለሁ» ማለት ነው። ያቺን ዱላ ተሻግሮ የገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ፣ ወረቀቱ፣ ላፕቶፑ፣ ሁሉም እንዳለ ይጠብቀኛል። በዚህ እኮራ ነበር። በየከተማው የብረት መዝጊያ ስለሚያስገጥሙ ሰዎች ሁለት ገጽ የፌዝ ጽሑፍ ጽፌም ነበር። ዱላው እግርን እንጂ ዓይንን እንደማያቆም ግን አላሰብኩም ነበር።

ይህን ያስተማረችኝ ሴትዮ የመጣችው ቅዳሜ በገበያ ቀን ነው፣ ግንቦት ላይ፣ መሬቱ ገና ሳይርስ። ከርብ ወንዝ ማዶ፣ ከይፋግ ወዲህ ካለች መንደር ነው የመጣችው። ዕድሜዋ ከአርባ ብዙም አይዘልም። በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ ገባች።

«ጋሼ፣ ማመልከቻ ይጽፋሉ አሉኝ።»

«እጽፋለሁ። በማን ላይ ነው?»

«በባሌ ወንድም ላይ» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቀስ ብለው ይጠይቁኝ እባክዎ።»

ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በሬ ስለሌላት የሩዝ መሬቷን የባሏ ወንድም እኩል እንዲያርስላት ተስማሙ፤ እሱ በሬውንና ጉልበቱን፣ እሷ መሬቱን፤ ምርቱን ለሁለት። የመጀመሪያውን ዓመት እኩሌታውን አመጣ። በሁለተኛው ሩቡን እንኳ የማይሞላ አመጣ።

«ጎርፍ በላው አለኝ» አለች። «እኔ የምለው ጋሼ፣ ጎርፉ የኔን ድርሻ ብቻ ለይቶ እንዴት በላው? የሱ ክምር ደጁ ላይ ቆሟል እኮ። ዋናተኛ ነው ክምሩ?»

በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ሰው መሀል «የወንድሜ መሬት» ማለት ጀመረ። የወንድሜ ሚስት መሬት አላለም። አሁን ልጇን በሬ ላለው ሰው ድራለች፤ በዚህ ክረምት ልጇና አማችዋ እንዲያርሱላት ትፈልጋለች። ከዚያች ማሳ ሌላ የላትም። አንድ ክረምት ደግሞ በሱ ማረሻ ካለፈ መንደሩ በሱ ስም መጥራቱን ይለምደዋል፤ አንዴ ከተለመደ ደግሞ የምትከራከረው ከባሏ ወንድም ጋር ብቻ አይሆንም፤ ከመንደሩ ሁሉ አፍ ጋር ነው።

«እስከ ሰኞ ሰው ጆሮ አይግባብኝ» አለች።

«ሰኞ ምን አለ?»

«ሰኞ መዝገብ ቤት አስገባዋለሁ። ቁጥር ካገኘ በኋላ እንዳሻዎት ያድርጉት፤ ከፈለጉ ገበያ መሀል ቆመው ያንብቡት። ከዚያ በፊት ከሰማ ግን ሽማግሌ ይልክብኛል።»

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። ሽማግሌ ወደ ቤትህ ሲመጣ «ነገሩን ለእኛ ስጠን» ይልሃል። እሺ ካልክ ነገሩ የሽማግሌ ሆነ፤ እነሱ እስኪጨርሱት መንግሥት ዘንድ መሄድ እነሱን መናቅ ነው። እነሱ ደግሞ አይቸኩሉም፤ ከእሑድ እሑድ ይቀጥራሉ። እንቢ ማለትም ቀላል አይደለም። ማመልከቻህ ቀድሞ መዝገብ ቤት ከገባ ግን «አባቶቼ፣ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል» ብትል ማንም አይቀየምህም። ቅደም ተከተል ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሽምግልናን የሚሳደቡ የከተማ ጸሐፊዎችን አልወድም፤ የኔንም ትዳር አንዴ ከመፍረስ ያዳኑት ሽማግሌዎች ናቸው። የዚህች ሴት ጉዳይ ግን ቀን የሚጠብቅ አልነበረም፤ ሩዝ የሚዘራበትን ጊዜ የትኛውም ሽማግሌ ቀጥሮ አያቆየውም። ስለዚህ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም። የሚያስፈልጋት ሁለት ቀን ሳይሰማባት ቀድማ መድረስ ብቻ ነበር።

ጻፍኩላት። በደንብ ጻፍኩላት። በተለይ የእሷን ድርሻ ብቻ ለይቶ ስለበላው ጎርፍ የሚናገረው ሦስተኛው አንቀጽ፣ ሳልዋሽ ልናገር፣ ከዚያ በፊት ከጻፍኳቸው ማመልከቻዎች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ላሳትምላት ስል መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራል፤ ፕሪንተሩ አይሠራም።

«ሰኞ ጠዋት ነይ፣ ታትሞ ይጠብቅሻል» አልኳት።

«ሰኞ ሳይረፍድ እመጣለሁ» ብላ ሄደች።

ፋይሉን መዝጋት ነበረብኝ። ሦስተኛውን አንቀጽ ደግሜ ማየት ስላማረኝ አልዘጋሁትም። ዓይኔም እንደ ዱሮው አይደለምና ፊደሉን አግዝፌ ነው የምሠራው፤ በሩ ላይ የቆመ ሰው ሳይቸገር ያነበዋል። ይህን ያኔም አውቀው ነበር፤ «ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ የመንገድ ማስታወቂያ?» እያሉ የሚቀልዱብኝ ነበሩ።

እንዲህ አንቀጼን እያደነቅሁ ሳለሁ ቀብር አለፈ። ቀብር ሲያልፍ ተቀምጦ የሚያይ የለም፤ ተነሥቶ ጥቂት እርምጃ መሸኘት ነው። ተነሣሁ፤ ዱላዬን በሩ ላይ አጋደምኩ። አግዳሚው ላይ የነበሩትም ተነሥተው ትንሽ ሸኝተው ተመለሱ። እኔ ሟቹን አውቀው ስለነበር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እስከሚያስገባው መታጠፊያ ድረስ ሄድኩ።

ስመለስ አግዳሚው ላይ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ፊታቸው በርቶ ጠበቁኝ። እሳቸው የዕለት ተቀማጭ ናቸው። የተጻፈ ነገር ካዩ ድምፅ አውጥተው ማንበብ ግዴታቸው ይመስላቸዋል፤ የጭነት መኪናውን ጀርባ፣ የማዳበሪያውን ከረጢት፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ ሁሉን ላላነበበው ሰው ያነቡለታል። በዚህ ብዙ ሰው ይመርቃቸዋል።

«ማመልከቻህ ግሩም ነው» አሉኝ።

«የትኛው ማመልከቻ?»

«ስክሪኑ ላይ ያለው ነዋ! አንተ እስክትመጣ ለነዚህ ሰዎች አነበብኩላቸው። የጎርፉ ነገር እንዴት ያለ አጻጻፍ ነው! ሦስተኛው አንቀጽ ግን ትንሽ ረዝሟል።»

አንድ ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ምን ይል ነበር? እኔ ያልኩትን ልናገር። «ረዘመ? የቱ ላይ ነው የረዘመው?» አልኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከርን። እሳቸው ጎርፉን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሰው አሳዩኝ፤ እኔ ደግሞ ውኃው ቀስ እያለ መምጣት እንዳለበት አስረዳኋቸው። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ሲያዳምጡ አንድ ቦታ ባዶ መሆኑን ያየሁት በመጨረሻ ነው።

«እዚህ አዲስ ገመድ ጠቅልሎ ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ የት ሄደ?»

«እሱማ ሄደ። እስከ መጨረሻውም አልጠበቀ። ጥሩው ደግሞ መጨረሻው ነበር» አሉ መምህሩ።

«የየት ሰው ነው?»

«ከርብ ማዶ ይመስለኛል። ምነው?»

«ምንም» አልኩ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያሰብኩትን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ብዙ አሰብኩና። ሰውዬው አልሰማ ይሆናል። ቢሰማም ከሌላ መንደር ይሆናል። ከዚያው መንደር ቢሆንም ከባልየው ወንድም ጋር የተኳረፈ ይሆናል። ሄጄ ልንገራት ብል ደግሞ በገበያ ቀን ሚኒባሱ ሰው እላይ በላይ ይጭናል። ቤቷንም አላውቀውም። ይህ የመጨረሻው በተለይ ያሳፍረኛል፤ የቀበሌዋንና የጎጧን ስም የዚያኑ ቀን ጠዋት በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ተገትሮ ነበር፣ ያውም በትልልቅ ፊደል።

ሰኞ መብራት መጣ። አሳትሜ ጠበቅኋት። አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ማመልከቻሽ ታትሟል» አልኳት።

«ይቆይ» አለች፤ አግዳሚው ላይ አልተቀመጠችም። «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደጄ ላይ አገኘኋቸው። ሦስት ናቸው፤ የንስሐ አባቴ፣ የባሌ አጎትና አንድ ትልቅ ሰው። ግቡ፣ ተቀመጡ ብል እሺ ካላልሽ አንቀመጥም አሉ። ምን ልበል ጋሼ? የንስሐ አባቴ በፀሐይ ቆመው እኔ እንቢ ልበል?»

«እሺ አልሽ?»

«እሺ አልኩ። ለቀጣዩ እሑድ ተቀጠረ። በዚያ እሑድ እሱ ታመምኩ አለ። አሁን ለሚመጣው እሑድ ነው። ከትናንት ወዲያ አርሶ ሊጨርሰው ምንም አልቀረው፤ ቆሜ አየሁት።»

እዚህ ላይ ነገርኳት። ቀብሩን፣ ዱላውን፣ መምህሩን፣ ገመድ የያዘውን ሰውዬ። ስለ ሦስተኛው አንቀጽ የተከራከርነውን ዘለልኩት። እስክጨርስ መንገዱን እያየች ሰማችኝ።

«ያን ለታውኑ አወቁት?» አለች።

«ያን ለታውኑ።»

«ልከውብኝ ቢሆን ይፋግ እኅቴ ዘንድ እሄድ ነበር። እሑድ እዚያው አስቀድሼ እዚያው አድር ነበር። ቤቴ ተዘግቶ ቢያገኙት ሽማግሌዎቹ ወደየቤታቸው ነበር፤ ሰኞ እኔ ቀድሜ እገባ ነበር።»

«በገበያ ቀን ሚኒባሱ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔም እኮ በሱ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ» አለች።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ማመልከቻውን ተቀብላኝ ሁለት ጊዜ አጥፋ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችውና ሄደች። በዚያ ክረምት መሬቷን የባሏ ወንድም ዘራው። ሽማግሌዎቹ እስከ ጥቅምት ድረስ አዩትና «የዘንድሮው እንደተዘራ ይሁን፤ የሚመጣው ዓመት ይታያል» ብለው መርቀው ጨረሱ። ሦስቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም።

መቆለፍ የጀመርኩት ሴትዮዋ ወረቀቷን ይዛ በሄደች ማግስት ነው፤ መጀመሪያ በእጅ። በእጅ መቆለፍ ሦስት ቀን ቆየ። ችግሩ እኔ የምነሣው አስቤ አይደለም። ቄስ ሲያልፉ እነሣለሁ፤ ሽማግሌ ሲገባ እነሣለሁ፤ ቀብር ሲያልፍ እነሣለሁ። ሰውነቴ ከእኔ በፊት ቆሟል። ቁልፉን ተጫን የሚለው ሐሳብ ሲደርስ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ኮምፒውተሩ ራሱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንዲቆልፍ ሳደርገው ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ደንበኛ ፊቴ ተቀምጦ በደሉን ሲናገር እጄን አንሥቼ ነው የማዳምጠው፤ ስክሪኑም ባለጉዳይዋ ባሏ የሞተበት ቦታ ላይ ስትደርስ ይጨልማል። ሰው የሰለቸሁት ይመስለዋል።

ስለዚህ ወደዚያች ወዳማኋት የኮምፒውተር ባለሙያ ሄድኩ።

«ደህና ዋልሽ» አልኳት።

«ደህና ነኝ ጋሼ። ጥርሴን ቆልፌ ነው የምሥቀው አሉ?»

ወረታ ትንሽ ከተማ ናት። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ታሪኩንም ነገርኳት። ስትሰማ ቆየችና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ከወንበርዎ ሲነሡ ሳይረሱ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር ምንድን ነው?»

አሰብኩ። «መነሣት ነዋ» አልኳት።

«እሱ ይበቃል» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ያረጀ ፍላሽ ነበረኝ። በእሱ ላይ ገመድ አሠርን፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ ደግሞ በቀበቶዬ። ፍላሹ ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ እቀመጣለሁ። ስነሣ ገመዱ ይጎትተውና ይነቀላል። የቀረውን የሚሠራው ስክሪፕት የሚሉት ዘጠኝ መስመር የኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። በሰው ቋንቋ ሲነበብ የሚለው ይህን ብቻ ነው፤ ፍላሹ አለ? ካለ ዝም በል። ከሌለ ስክሪኑን ቆልፍ። አንድ ሰኮንድ ቆይተህ እንደገና ጠይቅ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ማንም ሳያዘው ይጀምራል፤ እስኪዘጋ ድረስ ያንኑ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ ይውላል። እንዲህ ያለ ግትር ጓደኛ ኖሮኝ አያውቅም።

«አንቺ ጻፊልኝ» ብላት እንቢ አለችኝ።

«እኔ ከጻፍኩት የኔ ቁልፍ ነው የሚሆነው። ሲያስጠላዎት አውጥተው ይጥሉታል። እርስዎ ይጻፉት፤ ስሕተቱን አሳይዎታለሁ።»

ዘጠኙን መስመር ለመጻፍ ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። ከዚያ በፊት ስንት መቶ ገጽ እንደጻፍኩ ሳስበው፣ አንድም ቃል የማያደንቅልኝ አንባቢ ሲገጥመኝ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

አግዳሚው አልማረኝም። መምህሩ ገመዱን እንዳዩ «አሁንስ በይፋ ታሰርክ! ሚስትህ ናት ያሰረችህ ወይስ መንግሥት?» አሉ። አንዱ ገበሬ «ለእንዲህ ያለ ወይፈን ገመዱ ቀጠነ፤ በጥሰኸው እንዳትሄድ» አለ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሱሪ ለብሼ ፍላሹን ከነቀበቶው ቤት ረስቼው መጣሁ። የይለፍ ቃሌን አስገባለሁ፤ ይከፈታል፤ ወዲያው ይቆለፋል። እንደገና፤ እንደገና። ስክሪፕቱ ጠየቀ፤ ፍላሹ የለም፤ ቆለፈ። እኔ መሆኔን ላስረዳው የምችልበት መንገድ አልነበረም። ሦስት ደንበኞች አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ቤቴ ተመልሼ ሄድኩ፤ መምህሩ ከኋላዬ «ባለቤቱንም የማያስገባ ቤት!» እያሉ ሸኙኝ።

ደጋግ ወዳጆቼ ደግሞ ሌላ ወቀሳ አላቸው። ኅሊና ያለውን ሰው ማሽን ማስታወስ የለበትም ይላሉ። ያማረ አነጋገር ነው። የኔ ኅሊና ግን በዚያ በገበያ ቀን አልጠፋም ነበር፤ እዚያው ነበር፤ ሦስተኛውን አንቀጽ እያነበበ። ኅሊናን የሚያህል በቀላሉ ሌላ ሥራ የሚያገኝ ነገር አላየሁም። ዘጠኙ መስመሮች የሚያደንቁት የለም፤ ክርክር አያውቁም፤ ለዚህ ነው የማምናቸው። እንዲያውም የሠራኋቸው በትሕትናዬ ላይ ነው። ትልቅ ሰው ሲመጣ መነሣቴን እስካልተውኩ ድረስ ስክሪኑን መቆለፌን አልተውም።

ዘንድሮ በሚያዝያ ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች፤ እንደገና በገበያ ቀን። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። ገመዱን አየችውና «ይሄ ነው የሚዘጋው?» አለች።

«ይሄ ነው።»

«ካልነኩትም ይዘጋል?»

«ከተነሣሁ ይዘጋል።»

ተቀመጠች። «ያው የአምናው ነው፤ የአንድ ዓመት ሩዝ ይጨምሩበት። የጎርፉን ነገር ግን ያሳጥሩልኝ፤ ረዝሟል ብለዋል ሰዎች።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«መንደሩ ሁሉ» አለች፤ ያን ጊዜ ሳቋን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ጎርፉን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረስኩት። መምህሩ ልክ ነበሩ።

ጽፌ እስክጨርስ በርበሬና ጨው ልትገዛ ወደ ገበያው ወጣች። የመጨረሻውን መስመር እያስተካከልኩ ሳለሁ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሙ። ተነሣሁ፤ ፍላሹ ተነቀለ፤ ስክሪኑ ጨለመ። አምና ሴትዮዋ ደጅ ከቆሙት ከሦስቱ አንዱ፣ «አንድ ትልቅ ሰው» ያለቻቸው ነበሩ።

«እኔ ስገባ ነው የሚጨልመው?» አሉ።

«ማንም ሲገባ ነው አባባ። ስነሣ ራሱ ነው የሚቆለፈው። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ክፈተው እስቲ። ምን እየጻፍክ ነው?»

«የሰው ነው።»

«የማን ሰው? እዚህ አገር እኔ የማላውቀው ሰው አለ?»

«እሱን ነው የምፈራው» አልኩ። ቀልድ አስመስዬ ነበር፤ አልሣቁም።

«አባትህን እኔ ነኝ የቀበርኩት» አሉ። እውነታቸውን ነው። «ተገልጦ የሚታይ ነገር እንጂ የሚደበቅ ነገር በእናንተ ቤት አላውቅም። ክፈተውና እቀመጣለሁ።»

ወንበሩን አቀረብኩላቸው። አልተቀመጡም። እሳቸው እስኪቀመጡ ደግሞ እኔ መቀመጥ አልችልም፤ ካልተቀመጥኩ ፍላሹን መሰካት አልችልም። ሁለታችንም ቆምን። ፍላሹ በገመዱ ጉልበቴ ላይ ይወዛወዛል። ሴትዮዋ ደጃፍ ላይ የቆሙት እንዴት እሺ እንዳሰኟት ያኔ በገዛ እግሬ ገባኝ። ማንም አያስፈራራህም። ብቻ ደግ ሰው ይቆምብሃል፤ የሚያስቀምጠው ያንተ አንዲት ቃል ብቻ ነው። መምህሩ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩና የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች አዩ፤ አንዱንም አላነበቡም።

«አልከፍተውም አባባ» አልኩ በመጨረሻ። «ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዜር ይስጥህ» አሉ። በዚያ አነጋገር ሲባል ምርቃት አይደለም። ሳይቀመጡ ወጡ። እስከዛሬ በሱቄ በር አላለፉም፤ የአክስቴ ተዝካር ላይም ሰላምታዬን በሩቁ ነው የተቀበሉኝ።

ስክሪፕቱ ሥራውን ሠርቷል። ተቀምጬ መኩራት እችል ነበር፤ ለጥቂት ደቂቃም ኮርቻለሁ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሽማግሌው አላነበቡም፤ ነገር ግን ሞኝ አይደሉም። ወቅቱ ሚያዝያ ነው፤ እኔ ደግሞ ላሳያቸው የማልችለው ነገር ጽፌያለሁ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ያሰላሉ። እንደገና ሰበቦቼ መሰለፍ ጀመሩ፤ አልጠረጠሩ ይሆናል፣ ብትሰማ በከንቱ ትደነግጣለች፣ ገበያው ውስጥ አላገኛትም። ሁሉንም ከአምና አውቃቸዋለሁ።

ማመልከቻውን አሳትሜ፣ ሱቁን ዘግቼ ገበያ ወረድኩ። ከከብት ተራው እስከ እህል ተራው ሁለት ጊዜ ዞርኩ። በፎገራ ላም ዋጋ ከሚከራከሩ ሰዎች መሀል እየተጋፋሁ፣ ቀበቶዬ ላይ ፍላሽ ተንጠልጥሎ፣ የማላውቃቸውን ሴቶች ፊት እያየሁ ስሄድ ምን እንደምመስል አውቃለሁ። በርበሬ ተራ አገኘኋት።

«ምነው ጋሼ? ወጣ?»

«አልወጣም። ግን ያ ትልቅ ሰው መጥተው ነበር። አላሳየኋቸውም። ጠርጥረው ግን ይሆናል።»

ዘንቢሏን አነሣች። አላመሰገነችኝም፤ ጊዜም አልነበራትም። «ወረቀቱን ይስጡኝ» አለች። ሰጠኋት። ወደ መንደሯ የሚሄደውን ሚኒባስ ትታ ወደ እኅቷ ወደ ይፋግ በሚሄደው ገባች።

ሰኞ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር አገኘ። ሽማግሌዎቹ እሑድ መጥተው ቤቱን ተዘግቶ አግኝተውት ነበር፤ በሳምንቱ ተመልሰው ሲመጡ አስገብታ፣ አስቀምጣ፣ «አባቶቼ፣ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል» አለቻቸው። በልተው ጠጥተው መርቀዋት ሄዱ አሉ። ይህን ስጽፍ መሬቱ ገና አልተወሰነም። ለኪዎች መጥተው ድንበሩን አይተዋል፤ የባሏ ወንድምም የራሱን ማመልከቻ አስጽፏል፤ ሌላ ጸሐፊ ዘንድ። ልታጣውም ትችላለች። ካጣችው ግን ቀርባ፣ ተናግራና ተሰምታ ነው።

ስለ ቁልፉ የምከራከራቸው ሰዎች አሁንም አሉ፤ ክርክሩንም እወደዋለሁ። ለራሴ ግን አንድ ነገር አልደብቅም። ያቺን ሴት አምና የጎዳት ሳይቆለፍ የቀረው ስክሪን ብቻ አይደለም። ስክሪኑ ሰው ሲያነበው የቆየው ቀብር ሸኝቼ እስክመለስ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ሳምንት ዝም ብያለሁ። ለዚያ የሚሆን ስክሪፕት ብዙ ፈልጌ አላገኘሁም። በዘጠኝም መስመር አይጻፍ፣ በዘጠኝ ሺህም።

እናንተም በዚህ ሳምንት ያልተሰጣችሁን የሰው ጽሑፍ አንብባችሁ ከሆነ፣ ወይም በእጃችሁ ያለ የሰው ጉዳይ በእናንተ ቸልተኝነት ወጥቶ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና ተነሡ። ሂዱና ለባለቤቱ ንገሩት። ዛሬ።